አንድ ስጎ ለሁለት ሥጋ

ባርቤኪው የሚባለውን ስጎ ሐይቅ ከተማ ላይ ለመሥራት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ትዕቢት ነው። ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱ፣ አቼቶው ከዚያ በኋላ ይፈለጋል። እኔ ትዕቢቱን ከዓረብ አገር ይዤው ገባሁ። ዘጠኝ ዓመት በሰው ማድቤት ቆሜ ያፈራሁት ንብረት እሱ ብቻ ይመስል፣ ሻንጣዬን ሳልፈታ እሱን ፈታሁት።

የማዳሜ ባል ዓርብ ዓርብ ከመስጊድ መልስ ሥጋ የሚጠብስ ሰው ነበር። ይጠብሳል መባሉ ለወጉ ነው። ሥጋውን የምዘፈዝፈው እኔ፣ ከሰሉን የማቀጣጥለው እኔ፣ ስጎውን ከንጋት ጀምሬ የማንተከትከው እኔ። እሱ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ይመጣና በብሩሽ ሁለት ጊዜ ቀባ ቀባ ያደርጋል፤ እንግዶቹም "ማሻአላህ፣ እጅህ ይባረክ" ይሉታል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ "አሚን" እላለሁ። መቼስ የሠራው እጅ የእኔ ስለሆነ ምርቃቱ አድራሻውን አያጣም ብዬ ነው።

ወደ አገሬ የተመለስኩት በለውጡ ሰሞን ነው። ያኔ ሰው ሁሉ ይተቃቀፍ ነበር። ከውጫሌ የሚመጣው ሚኒባስ መስታወት ላይ ሳይቀር ፍቅር የሚል ቃል ተለጥፏል። መናኸሪያ ላይ የማይተዋወቁ ሰዎች ይሳሳማሉ፤ አዳራሽ ውስጥ ሼኩና ቄሱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ፎቶ ይነሳሉ። እናቴ ይህን በቴሌቪዥን እያየች "ደሞ ይሄም ዜና ሆነ?" ትላለች።

ለሷ ዜና አልነበረም። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን ክርስቲያን ባልና ሚስት ናቸው። ባልየው ዕድሜውን በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሲያገለግል የኖረ ሰው ነው፤ ልጆቻቸው አድገው ከቤት ወጥተዋል። ሚስትየዋና እናቴ ከአርባ ዓመት በላይ በአንድ ወንፊት ነፍተዋል፣ በአንድ ሙቀጫ ወቅጠዋል፣ አንዷ የሌላዋን ልጅ አጥብታለች። እኔም ከጠቡት አንዷ ነኝ። ከሥጋ በቀር የማይካፈሉት ነገር የለም።

ሥጋ ላይ ሲደርስ ወግ አለ። እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፤ ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይበላም። በዚህ የሚቀየም ሰው እኛ ዘንድ የለም። ቤታችን ቆጥ ላይ የክርስቲያን ድስት፣ የክርስቲያን ቢላዋና ሳህን ተቀምጧል፤ በእነሱም ቤት የእስላም ድስት አለ። ድግስ ሲኖር አንድ በግ ከነነፍሱ ለእነሱ ይሰጣል። ባልየው በራሱ ግቢ "በስመ አብ" ብሎ ያርደዋል፣ በራሳቸው ዕቃ ይሠራል፣ ከዚያ ጎን ለጎን ተቀምጦ እየተሳሳቁ መብላት ነው። ለእናቴ ድግስ ማለት ይኸው ነው። ሙሽራው አማረ ወይ ብላ አትጠይቅም፤ "ክርስቲያኖቹ ጠገቡ ወይ?" ነው የምትለው። ኸቤቴ ሳይጠግብ የወጣ የክርስቲያን እንግዳ የለም ብላ የምትኮራ ሴት ናት፤ ሌላ የምትኮራበት ነገር ሲኖራት አላየሁም።

ስጎውን መጀመሪያ የሠራሁት ለሙከራ ነበር። ዕቃው አብዛኛው እዚሁ አለ። ቲማቲም ሞልቷል። ቡናማው ስኳር ባይገኝ የአምባሰል ማር አለ፤ የማዳሜ ሰናፍጭ በጠርሙስ የታሸገ ነበር፣ የእኛው ግን አፍንጫ የሚሰነጥቅ ነው። ስሙ ምላስ የሚያስር አንድ ጥቁር ፈሳሽ ብቻ ጠፋ፤ በሱ ፋንታ በርበሬ ጨመርኩበት። ጢስ ጢስ እንዲል ድስቱን እንደ ወተት ዕቃ በወይራ አጠንኩት። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ቀለሙ ጠቁሮ፣ ከማንኪያ ላይ አልወርድ ሲል ጎረቤታችንን ጠርቼ በዳቦ አቀመስኳት።

"ሸጋ ነው" አለችኝ አጣጥማ። "ኸወጥ ነው ኸጣፋጭ የሚመደብ?"

"ሥጋ ላይ የሚቀባ ነው፣ እትዬ።"

"ማር በሥጋ ላይ?" አለች እናቴ። "ቁስል ነው እንዴ የምትቀቢው?"

እናቴ እስከ ዛሬም በስሙ አትጠራውም። "ጥቁሩ" ነው የምትለው።

በዓመቱ ታናሽ ወንድሜ አገባ። ሠርጉ በወጉ በወጥ አለፈ። ከሠርጉ በኋላ ለጎረቤትና ለቅርብ ዘመድ ብቻ የምትደረገዋን ግብዣ ግን ለእኔ ተዉልኝ ብዬ ያዝኩ። ወጥ አይሠራም፣ ሥጋው በሙሉ ጥብስ ይሆናል፣ በጥቁሩ ይቀባል። እናቴ "ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች" ብላ ተረተችብኝ፤ ሆኖም ዘጠኝ ዓመት ያላየችኝን ልጇን እምቢ ለማለት አንጀቷ አልቻለም። "ብቻ የክርስቲያኖቹን ነገር አደራ" አለችኝ።

አደራውን በሚገባ ተወጣሁ። ሁለት በግ በእኛ በኩል ታረደ፤ ሁለት በግ ከነነፍሱ ለጎረቤት ተሰጥቶ በእነሱ ግቢ ታረደ። በርሜል ለሁለት አስሰንጥቄ ሁለት መጥበሻ አሠርቻለሁ። አንዱ በእኛ ግቢ፣ አንዱ በእነሱ። ቢላዋው ለየብቻ፣ ሳህኑ ለየብቻ፣ ከሰሉ እንኳ ለየብቻ። ይህን ሁሉ ሳስተካክል ከእኔ በላይ ወግ አዋቂ ያለ አልመሰለኝም። ስጎው ብቻ አንድ ድስት ነበር። እሱን መሃል ላይ፣ ሁለቱን ግቢ የሚለየው የድንጋይ ካብ ላይ አስቀመጥኩት። ከዓረብ አገር ያመጣሁትን ቀይ የላስቲክ ብሩሽ ያዝኩና ሥራ ጀመርኩ። በወዲህ ያለውን ሥጋ እቀባለሁ፣ ብሩሹን ድስቱ ውስጥ እነክራለሁ፣ በወዲያ ያለውን እቀባለሁ፣ እንደገና እነክራለሁ። ሽታው ሰፈሩን አዳረሰ። መንገደኛ ሁሉ አንገቱን እያስገባ "ምንድን ነው?" ይላል፤ እኔም "ባርቤኪው" እላለሁ፣ ቃሉን አፌ ውስጥ እያሽሞነሞንኩ።

ጎረቤታችን እንጀራ ይዛ ስትወጣ ካቡ አጠገብ ቆም አለች። ብሩሹ ሦስት ጊዜ ሲመላለስ ቆማ አየች።

"ልጄ" አለችኝ በለሆሳስ፣ "ብሩሹ አንድ ነው?"

"አዎ እትዬ፣ ኸውጭ ነው ያመጣሁት!" አልኳት በኩራት።

እንጀራውን ይዛ ተመለሰች። እኔ ቅናት መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስታውስ ዛሬም ጆሮዬ ይግላል። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልተቆጣም። ሥጋው ሲቀርብ ባልየው ሳህኑን በእጁ ከደነና "ጠግቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። በእኛ በኩል የተቀመጡት የሰፈራችን ሼክ ደግሞ "እኔ እንኳ ሥጋ ሐኪም ከልክሎኛል" አሉ። አጠገባቸው ያሉትም ሐኪም የከለከላቸው ሆኑ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ግቢው የበሽተኛ ጉባኤ መሰለ። የእስላሙን ሥጋ የነካ ብሩሽ የክርስቲያኑን ነክቷል፣ የክርስቲያኑን የነካው ተመልሶ የእስላሙን። የአራት በግ ሥጋ ማንም የማይበላው ሆነ። እናቴ ሽሮ አስወጠወጠች፤ ሰውም ሽሮውን እያመሰገነ በላ። ሥጋውን ሃይማኖት የማይለዩት ውሾች በሉት። እናም በዚያ የመተቃቀፍ ዘመን ሁለቱን ወገን በአንድ አቋም ያስተባበርኩት እኔ ነኝ። ሁለቱም አንበላም አሉ።

ብሩሹን እሳት ውስጥ ጣልኩት። ቀልጦ ለሦስት ቀን ሸተተን።

እናቴ አልተቆጣችኝም፤ ማድቤቱን ግን ነሳችኝ። ጎረቤታችንም መምጣቷን አላቋረጠችም። ትመጣለች፣ ትጫወታለች፣ እናቴን ታስቃለች። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤታችን የምትቀምሰው ልጣጭ ያለውን ብቻ ሆነ። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ የተቀቀለ ዕንቁላል። ባልየውማ "አሁን በልቼ መጣሁ" ይላል፣ በመጣ ቁጥር። የትኛውን ዕቃ ምን እንደነካው ስላላወቁ ይጠነቀቃሉ፤ እንዳይከፋን ደግሞ አይናገሩም። አንድ ቀን ጎረቤታችን ዕንቁላሏን ልጣ በልታ ስትወጣ እናቴ ቅርፊቱን ሰብስባ በእጇ እንደያዘች፦

"ሌላ ምንም አልልሽ" አለችኝ። "ሳልሞት እነዚህ ሰዎች ኸቤቴ እንደ ድሯቸው ሲበሉና ጠግበው ሲወጡ ማየት ነው የምፈልግ።"

ይህን ካለችኝ በኋላ ዕንቁላል መቀቀል እንኳ አስጠላኝ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ በሬዲዮ መጣ፤ ቀጥሎ ፍራሽና ሕፃን ተሸክሞ በወልዲያ መንገድ መጣ፤ በመጨረሻ ራሱ መጣ። ከተማው በሁለት ቀን ወደ ደሴ ሸሸ። ወንድሜ ሚስቱንና አራስ ልጁን ይዞ ሄደ። እናቴ "ይሄ ጉልበት ኸበር አያሳልፈኝም፣ እናንተ ሂዱ" አለች፤ እኔ አብሬያት ቀረሁ። ጎረቤቶቻችንም ቀሩ። ባልየው "ታቦት ጥሎ ወዴት ይኬዳል?" አለ፤ ሚስትየዋ እሱን ጥላ ወዴት ትሂድ። በሰፈሩ አራታችን ብቻ የቀረን ያህል ነበር።

ታጣቂዎች ገብተው ቤታችንን ፈተሹ። ቴሌቪዥኑን፣ ፍራሹን፣ ዶሮዎቹን ወሰዱ። አንዱ ከዓረብ አገር ያመጣሁትን መፍጫ ማሽን ተሸክሞ ሲወጣ፣ መብራት ከጠፋ ሁለት ሳምንት እንደሆነው ልነግረው ዳድቶኝ ነበር። ቀልድ ይመስላል፤ አሁን ስለምጽፈው ነው። ያኔ ጓሮ ለመውጣት እንኳ ጎረቤታችን በካቡ በኩል ቆማ "ውጪ፣ ማንም የለም" እስክትለኝ እጠብቅ ነበር።

ወፍጮ ቆመ፣ ገበያ ጠፋ፣ ስልክ ሞተ። ወደ ሐይቁ ወርዶ ዓሣ የሚያወጣም አልነበረም። ንፍሮና ቆሎ ነበር የምንበላው። በዚህ መሃል እናቴ ታመመች። ትኩሳት ያዛት፣ ንፍሮው አልዋጥ አላት። ጤና ጣቢያው ተዘርፎ ተዘግቷል። ለሦስት ቀን ውሃ ብቻ ጠጣች። ክንዷን ስይዘው አጥንቱ እጄ ላይ ይቀራል፤ ትሞትብኛለች ብዬ እያለቀስኩ እሷ "አብሽሪ" ትለኛለች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ባልየው ካቡ በፈረሰበት በኩል በግ እየጎተተ ገባ። ለገና ሲያደልበው የቆየ ሙክት ነው። ታጣቂዎቹ እንዳያዩት መኝታ ቤታቸው ውስጥ፣ አፉን በጨርቅ አስረው አብረውት ከርመዋል።

"እረጅና ሾርባ አጠጫት" አለኝ።

"ጋሼ፣ ለገና ያሉት አይደል እንዴ?"

"ገና ኸመጣ በግ አይጠፋም።"

"ማን ያርደዋል? እኛ ቤት ወንድ የለ።"

"አንቺስ? ቢስሚላህ ማለት ጠፋሽ?"

"እናንተ ታዲያ ምን ልትበሉ? እኔ ካረድኩት እኮ…"

"እኛማ ጾም ላይ ነን" አለ በጉን እያየ። "ነቢያት ገብቷል እኮ።"

አመንኩት። ዘጠኝ ዓመት ዓረብ አገር የከረመ ሰው የክርስቲያን ጾም መቁጠር ይረሳል፤ ስልኩ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ቀኑም ተምታቶብኝ ነበር። እንዲያውም በልቤ፣ ጾም መሆኑ ጥሩ፣ ባይሆን እንዴት ፊታቸው እንበላ ነበር ብዬ ደስ አለኝ።

ስንሰግድ የምንዞርበት ቂብላ በየት በኩል እንደሆነ አልጠየቀኝም። አርባ ዓመት በካብ ላይ ሲያየን የኖረ ሰው ነው፤ የበጉን አንገት ራሱ ወደዚያ አዞረው። እግሮቹን ይዞ ፊቱን መለሰ። በሕይወቴ ዶሮ እንኳ አርጄ አላውቅም። እናቴ ከአልጋዋ ሆና "ስለቱን አሳምሪ፣ ኸዚያ አትፍሪ" ብላ ጮኸችልኝ። ቢስሚላህ ብዬ አረድኩ።

አራት በግ በብሩሽ ያበላሸሁት ሴትዮ አንድ ቁራጭ ሥጋ እንኳ ፍም ላይ ማዋል አልቻልኩም። የጥብስ ሽታ ሥጋ እዚህ አለ ብሎ ለታጣቂ ሁሉ ያውጃል። ጥቂቱን ሾርባ ጣድኩት፤ የቀረውን ቋንጣ ዘልዝዬ ጓዳ ውስጥ ሰቀልኩት። ሾርባው ሲፈላ ግን ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ሁለት ሰዎች ከሐሳቤ አልወጣ አሉ። በጋቸውን ሰጥተውን ቆሎ ይቆረጥማሉ።

"እማ" አልኳት እናቴን ፈራ ተባ እያልኩ፣ "ጥቁሩን ልሥራላቸው? ሥጋ የለውም፣ ቅቤ የለውም፤ ለጾም ይሆናል።"

እምቢ ልትል ነው ብዬ ጠበቅሁ።

"በእነሱ ድስት ይሁን" አለች በመጨረሻ። "እጅሽንም እስከ ክርንሽ ታጠቢ።"

ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ከጓሮ የቀሩትን ቲማቲሞች ለቀምኩ፤ ከጠርሙሱ ሥር የቀረውን አቼቶ አንጠፈጠፍኩ፤ ማርና ሰናፍጭ ጨመርኩ። በድንጋይ የተፈጨ የገብስ ቂጣ ጋገርኩ። ልጠራቸው ስሄድ ባልየው "ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ጾሙ ሲፈታ እንመጣለን" አለኝ ኮስተር ብሎ። ልክ በዘጠኝ ሰዓት መጡና እናቴ አልጋ አጠገብ ተቀመጡ።

ቂጣውንና ስጎውን አቅርቤ ወደ ኋላ አልኩ። ሚስትየዋ ድስቱን አየችው፤ የራሷ ድስት ነው። እኔንም አየችኝ። ከዚያ ቂጣውን ቆረሰችና አጠቀሰች። ባልየው ባረከና ተከተላት። ሲበሉ አይቻቸው አላውቅም ነበር እንደዚያ፤ ባልየው የድስቱን ዙሪያ በቂጣ ጠረገው።

"ይሄ ኸምን ጋር ነበር የሚበላው?" አለኝ አፉን እየጠረገ።

"ኸሥጋ ጋር ነበር፣ ጋሼ።"

"ሥጋ ምን ያደርግለታል?" አለ።

እናቴ የሾርባዋን ጣሳ በሁለት እጇ ይዛ ከትራስ ላይ ቀና ብላ ታያቸዋለች። ከሾርባው ይልቅ እነሱን ነው የጠጣችው ብል ውሸት አይሆንብኝም።

"ጠገባችሁ?" አለቻቸው።

"ጠገብን፣ እታለም" አለች ጎረቤታችን። "ወላሂ ጠገብን።" እናቴን ለማሳመን ስትፈልግ በእኛ መሐላ ነው የምትምል።

"ጾሙን በሰላም ያስፈጽማችሁ" አለቻቸው እናቴ።

ተመራርቀው ወጡ። እኔ ዕቃውን እያነሳሁ ደስታዬ መጠን አጥቶ ነበር። ይኸው በልተው ጠገቡ፣ ይኸው በእኔ ስጎ፣ በዚህ ጦርነት መሃል። ከመጋረጃ ጀርባ ወጥቼ ምርቃቴን ልቀበል የደረስኩ መሰለኝ።

"ኅዳር ሚካኤል መች አለፈ?" አለች እናቴ፣ ዓይኗን ጨፍና።

"ምን?"

"ነቢያት የሚገባ ኸኅዳር ሚካኤል በኋላ ነው። ገና ስምንት ቀን ይቀረዋል። አርባ ዓመት ቆጥሬዋለሁ፤ ወተት የማልልክላት ኸመቼ ጀምሮ እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቅ።"

ድስቱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ባልየው በጉን እያየ ነበር የተናገረው። እኔን አላየኝም ነበር። ሄጄ በካቡ ላይ ልጮህባቸው ፈለግሁ፤ ኑ፣ ሥጋችንን ባትበሉም ሌላ በግ ፈልጌ እመጣለሁ፣ ምንም አደርጋለሁ ልላቸው። አልቅሼም ነበር መሰለኝ።

"ተቀመጪ" አለችኝ እናቴ። "አላወቅንም። ጾም ነው ካሉ ጾም ነው።"

በማግስቱ ጠዋት ሾርባውን አሙቄ ወሰድኩላት። ፊቷ ላይ ትንሽ ደም ተመልሶ ነበር። ጣሳውን ስሰጣት በእጇ ጀርባ ገፋ አደረገችው።

"ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን።"

"እማ፣ አንቺ በሽተኛ ነሽ! ደሞስ ጾሙ ውሸት ነው ብለሽኝ የለ?"

"ውሸቱ ለማን ተብሎ ነው ታዲያ?" አለችኝ።

ሾርባውን ከድኜ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እኔም ቆሎውን አልነካሁም። ሁለት ክርስቲያን ከግድግዳው ወዲያ፣ ሁለት እስላም ከግድግዳው ወዲህ ሆነን፣ ገና ያልገባውን ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾምን።